የቱሪዝም ማስተርስ ለጎንደር ቅንጦት አይደለም

ሰሞኑን የጎንደር ልጆች እየተቀባበሉ ያነበቡት አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የከተማችን ሰው ናቸው። ለዓመታት በሆቴልና በአስጎብኚነት እንደሠሩ ይናገራሉ። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፤ በዘላቂ ቱሪዝም ፖሊሲና አስተዳደር ማስተርስ መማር ጊዜም ገንዘብም መጨረስ ነው። አምስት ምክንያት ደርድረዋል። ቱሪዝም በሥራ ይለመዳል እንጂ ክፍል ውስጥ አይገኝም። ቱሪስት በጠፋበት ከተማ ትምህርቱ ቅንጦት ነው። ዘላቂነት የሚባለው፣ ቅርሱንና ነዋሪውን ሳይጎዱ እንግዳ ማስተናገድ ማለት ነው፣ የሀብታም አገሮች ጭንቀት ነው፤ እኛ የሚያስፈልገን ብዙ እንግዳ ነው። ቅርሱን አባቶቻችን ያለ ፖሊሲ ለዘመናት ጠብቀው አቆይተውልናል። ተመራቂውም ቢሆን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

ቁጭታቸው ይገባኛል። እኔም ማስተርሱን የተማርኩት ከአስጎብኚነት ተነስቼ ነው። አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ ልጆች እንግዳ ሲጠፋ ባጃጅ ሲይዙ፣ ሱቅ ሲቀጠሩ አይቻለሁ። ግን ወጣቶች "እውነታቸውን ነው" እያሉ ጽሑፉን ሲያጋሩት ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ምክንያቶቻቸውን በየተራ ላንሳ።

"ሥራው ራሱ ያስተምራል" ከሚለው ልጀምር። እዚህ ላይ አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰን ምስክር አድርገው ጠርተዋል። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት እርሳቸው የቱሪዝም ማስተርስ ሳይኖራቸው "የ13 ወር ጸጋ"ን ለዓለም አስተዋወቁ ይላሉ። ልክ ነው፤ አስተዋውቀዋል። ነገር ግን አቶ ሀብተሥላሴ አሜሪካ ኮሌጅ ገብተው ተምረው የመጡ ሰው ነበሩ። ሥራውን ሲጀምሩ በአገሪቱ የቱሪዝም ትምህርት ቀርቶ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት እንኳ አልነበረም። ያቋቋሙት እርሳቸው ናቸው። የዚያን ጊዜው ጥያቄ "ኢትዮጵያ የምትባል አገር እንዳለች ዓለም እንዴት ይወቅ?" የሚል ነበር። የዛሬው ጥያቄ ሌላ ነው። እንግዳው ሲመጣ ማን ይጠቀማል? ስንት ሰው በአንዴ ይግባ? የመግቢያው ገንዘብ የት ይዋል? ከቅርሱ አጠገብ ምን ይሠራ? ይህን ሁሉ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል።

ጥሩ አስጎብኚ የፋሲልን ግንብ፣ የአፄ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት፣ የኢያሱን፣ የዳዊትን፣ የበካፋንና የምንትዋብን ሕንፃ በቅደም ተከተል ያስረዳል። እንግዳ ሲደክመው ያውቃል፣ ሲያኮርፍ ያባብላል። ይህ ትልቅ ሙያ ነው፤ እኔም የኖርኩበት ነው። የአስተዳደሩ ሥራ ግን ሌላ ሙያ ነው። አንዱን ጠንቅቆ ማወቅ ሌላውን አያሳውቅም።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ የስሜን ተራሮች መግቢያ በሆነችው ደባርቅ የበቅሎ ተራ ደብተር፣ ማለትም በቅሎ ይዘው ከእንግዳ ጋር የሚወጡ ሰዎች ተራ የሚመዘገብበትን ደብተር፣ አይቼ ነበር። ተራ የተማሪ ደብተር ነው፤ ጫፉ በመገላበጥ ብዛት ተጠቅልሏል። ስም በተርታ ተጽፏል። ተራው ደርሶት ከእንግዳ ጋር የወጣው ሰው ስሙ አጠገብ ምልክት ይደረግበታል። ተራ አስከባሪው ሽማግሌ ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ አስረዱኝ። "ይኸ ልጅ ከጥቅምት ወዲህ አንድ ጊዜ ነው የወጣ" አሉኝ። በአስጎብኚነት ስመላለስ የእኔ ሥራ በቅሎው በሰዓቱ መድረሱን ማረጋገጥ ነበር። ደብተሩ ላይ የማን ስም እንደሌለ መጠየቅን ያስተማረኝ ትምህርቱ ነው። በቅሎ የሌለው ሰው ስሙ የለም። ባሏ የሞተባትና በቅሎ የሌላት ሴት ስሟ የለም። በቅሎ ያለው ደግሞ ከጥቅምት ወዲህ አንድ ጊዜ ወጥቷል።

ከዚያ ገንዘቡን ወደ ኋላ መከተል ነው። እንበል አንድ እንግዳ ለስሜን ተራሮች የአራት ቀን ጉዞ ውጭ አገር ላለ ድርጅት ከፈለ። ድርጅቱ ድርሻውን እዚያው ያስቀራል። የአዲስ አበባው ወኪል የራሱን ይወስዳል። መኪናው ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ምግቡም በካርቶን ከሱፐርማርኬት ተጭኖ ይመጣል። ደባርቅ ላይ የሚቀረው የበቅሎ፣ የስካውት (እንግዳውን የሚያጅበው የፓርክ ጠባቂ) እና የምግብ አብሳይ ክፍያ ነው፤ ቲፕም ካለ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። የማስተርሱ አንዱ ትልቁ ክፍል ይህ ገንዘብ የት የት እንደሚሾልክ መለካት ነው። የደባርቅ ገበሬ ድንቹንና እንቁላሉን ለካምፕ እንዲሸጥ ምን ዓይነት የፍቃድ ሁኔታ መጻፍ እንዳለበት ማወቅም የዚያው አካል ነው። ይህን ማንም በልምድ ሲያስተምር አላየሁም።

ሁለተኛው፣ "ቱሪስት የለም" የሚለው ነው። ማንም የጎንደር ሰው ይህን አይክድም። በ2012 ኮሮና መጣ፤ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልላችን ራሱ በግጭት ውስጥ ነው። የውጭ እንግዳ ቀርቶ የአገር ውስጡም መንገዱን እያሰበ ነው የሚመጣው። ሰላም ከሌለ የትኛውም ዲግሪ እንግዳ አያመጣም። ይህን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

የማልስማማው ከዚህ ተነስተው "ስለዚህ አትማሩ" ማለታቸው ላይ ነው። ሩዋንዳን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1994 ከደረሰው የዘር ጭፍጨፋ በኋላ ወደዚያ አገር ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ማሰብ ይከብድ ነበር። ዛሬ ጎሪላ ለማየት አንድ ሰው 1,500 ዶላር ይከፍላል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከፓርኮቹ ገቢ 5 በመቶው በዙሪያቸው ለሚኖረው ሕዝብ እንዲመለስ ተደርጓል፤ በ2017 ወደ 10 በመቶ አድጓል። ይህ በአንድ ጀምበር የመጣ አይደለም። ዋጋውንም፣ የሰዉን ቁጥርም፣ ክፍፍሉንም ተቀምጠው ያሰሉ ሰዎች ነበሩ። እነዚያ ሰዎች እንግዳው ከመጣ በኋላ ትምህርት ቢጀምሩ ኖሮ ይዘገይ ነበር።

ደግሞም "ቱሪስት የለም" ሲባል የሚታሰበው ፈረንጁ ብቻ ነው። ለጥምቀት ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከጎጃም የሚመጣው ሕዝብስ? ለእርሱ ማን አቅዶለታል? የት እንደሚያድር፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ምን እንደሚገዛ በወጉ የመዘገበ ሰው ካለ ላመስግነው። ቁጥር ሳይኖር ዕቅድ የለም። ቁጥር መሰብሰብም ትምህርት ይፈልጋል።

ሦስተኛው ነጥባቸው ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ከሁሉም የከበደኝ እርሱ ነውና። ዘላቂነት የሀብታሞች ጭንቀት ነው፤ እኛ ብዙ እንግዳ ነው የሚያስፈልገን ይላሉ።

በታኅሣሥ 2012 ጥምቀት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፈረ። ከተማው በደስታ ሰከረ። ሁላችንም ጥር ላይ የሚመጣውን ሕዝብ ስንጠብቅ ነበር። ሕዝቡም መጣ። ጥር 11 ጠዋት በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደረመሰ። ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። ታቦታቱ እዚያው ነበሩ። ያን ቀን የነበረ ሰው ዛሬም ሲያወራው ድምፁ ይለወጣል።

ማንንም ለመውቀስ አይደለም ያነሳሁት። ግን እስኪ ጥያቄዎቹን እንይ። ያ እንጨት ስንት ሰው ይሸከማል? ማን መረመረው? ሲሞላ "በቃ" የሚል ሰው ነበር ወይ? መውጫው በስንት በኩል ነው? አምቡላንሱ በየት በኩል ይገባል? በዚያ ጠባብ በር ስንት ሰው በደቂቃ ያልፋል? እነዚህ የዘላቂ ቱሪዝም አስተዳደር የመጀመሪያ ትምህርቶች ናቸው። የመሸከም አቅም ይባላል። አንድ ቦታ ቅርሱም፣ እንግዳውም፣ ነዋሪውም ሳይጎዳ ስንት ሰው እንደሚችል ማስላት ማለት ነው። ከዚያም ቁጥር ብቻ እንደማይበቃ ትማራላችሁ። ሕዝቡ የሚመጣበት ሰዓት፣ የሚቆምበት ቦታ፣ የሚሄድበት አቅጣጫ ሁሉ ይታያል። ታዲያ ይህ የሀብታሞች ጭንቀት ነው? ያን ቀን የሞቱት የእኛው ሰዎች ናቸው።

"ብዙ እንግዳ" ሲባል የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያም ይታሰበኛል። እነዚያ የመላእክት ፊቶች ከላይ የሚያዩን ስንት ዘመን አልፈው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ጠባብ ነው፤ እርጥበትና የካሜራ ፍላሽ ለሥዕል ጠላት ነው። ቡድኑ ሁሉ በአንድ ሰዓት እንዳይገባ ጊዜ መክፈል ቀላል ይመስላል። ግን ከቅዳሴው ሰዓት ጋር፣ ከካህናቱ ፈቃድ ጋር፣ ከአስጎብኚዎቹ የጉዞ ሰሌዳ ጋር ካልተስማማ አይሠራም። ይህን የሚያስማማ ሰው ከየት ይመጣል?

ጸሐፊው ያነሱት ሌላም ነገር አለ፤ ሀብታም አገሮች መጀመሪያ በልተው ነው ስለ ጥበቃ ማውራት የጀመሩት ይላሉ። እንግዲያውስ ከእነርሱ ስህተት እንማር። ቬኒስ ከተማዋ በሰው ተጨናንቃ ነዋሪው እየለቀቀ ከሄደ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ2024 ለቀን ጎብኚ መግቢያ ማስከፈል የጀመረችው። ታይላንድ ማያ ቤይ የሚባለውን የባሕር ዳርቻዋን በ2018 ዘግታ እስከ 2022 መባቻ አልከፈተችውም፤ ኮራል የሚባለው የባሕር ውስጥ ፍጥረት በጀልባና በሰው ብዛት ስለተጎዳ። እኛ የፋሲልን ግንብ ለአራት ዓመት ዘግተን እናገግመው ብንል ከተማው በምን ይኖራል?

አራተኛው፣ "አባቶች ያለ ፖሊሲ ጠብቀውታል" የሚለው ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ ያለውን አክብሮት እወደዋለሁ። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ከተማውን ሲያቃጥሉ የተረፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ እስከ ዛሬ የቆመው በካህናቱና በምእመናኑ ጥበቃ ነው። ያንን ማንም ዲግሪ አይተካውም።

ግን አባቶች ያለ ሥርዓት ጠበቁት ማለት ስህተት ነው። ማን ይገባል፣ የት ድረስ ይገባል፣ ጫማ የት ይወልቃል፣ ቁልፉ በማን እጅ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ ሥርዓት ነው። ያ ሥርዓት የተሠራው ግን ለአምላኪ ነው። አውቶቡስ ሙሉ ጎብኚ፣ ከግንቡ አጠገብ የሚነሳ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ፣ ሌሊት የሚበራ ትልቅ መብራት ያኔ አልነበሩም።

ከቅን ልብ የመጣ ጥገና እንኳ ቅርስ ይጎዳል። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የፋሲል ግቢን መሥሪያ ቤት አድርጎ በሲሚንቶና በአርማታ ጠጋገነው። ግንቡ የተሠራው በድንጋይና በኖራ ነው። ኖራ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። ኋላ በዩኔስኮ እርዳታ በተደረገው ጥገና ወደ ኖራው ለመመለስ ብዙ ተደክሟል። በቅርቡ በተደረገው እድሳት ጊዜም ስለ ግድግዳው ቀለም ስንከራከር ከረምን። ክርክሩ ጥሩ ነው፤ ሰው ለቅርሱ መቆርቆሩን ያሳያል። ያሳዘነኝ ግን አብዛኛው ክርክር "አማረ" እና "አላማረም" ላይ መቅረቱ ነው። ምን ዓይነት ኖራ ነው? ማን አጸደቀው? የዓለም ቅርስ የሆነ ሕንፃ ሲታደስ ምን ሰነድ አስቀድሞ መቅረብ አለበት? ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። መመዝገብ ደግሞ ክብር ብቻ ሳይሆን ግዴታም ይዞ ይመጣል። ግዴታውን አንብቦ የሚያስረዳን የከተማው ልጅ ቢኖር ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ለአባቶች ጥበቃ ብቻ ሊተው የማይችል ነገር ደግሞ ስሜን ተራሮች ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ከሆኑት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ዋልያው እየቀነሰ፣ እርሻው እየገፋ፣ መኪና መንገድም ውስጡን እያቋረጠ ነበር። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ። ድንበሩ እንደገና ተካለለ፤ መንገዱ ከፓርኩ ውጭ እንዲዞር ተሠራ፤ የግጭ መንደር ሕዝብ ከቀዬው ተነስቶ ደባርቅ ሰፈረ።

ስለ ግጭ ሳስብ የማስተርሱ ጥያቄ ሁሉ እዚያ ይገኛል ብዬ አምናለሁ። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር የትም የለም። የግጭ ሰው ደግሞ ገብስ አብቃይና ከብት አርቢ ነበር፤ ደጋውን ያውቃል። ለአንዱ ሲባል ሌላው ተነሳ። ካሳ መስጠት አንድ ነገር ነው። ገበሬን ከተማ አስገብቶ በምን እንደሚተዳደር ማቀድ ሌላ ነገር ነው። ልጆቹ በፓርኩ ሥራ ቅድሚያ ያገኛሉ ወይ? ከመግቢያው ገቢ ድርሻ አላቸው ወይ? ከአሥር ዓመት በኋላ ኑሯቸውን ማን ይለካል? ተፈጥሮን መጠበቅና ሰውን መጠበቅ አንድ ላይ እንዲሄዱ ማድረግ ከባድ ሥራ ነው። በቅን ልብ ብቻ አይገፋም።

ጎርጎራ ላይም እየመጣ ያለው ይኸው ጥያቄ ነው። በገበታ ለሀገር ያማረ ሪዞርት ተሠርቷል። ጣና ላይ ግን እምቦጭ አለ፤ ዓሣ አስጋሪው አለ፤ የሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽ አለ። ሪዞርቱ ዓሣውን ከማን ይግዛ? ይህን ከአሁኑ ያልጻፈ ውል ኋላ አይስተካከልም።

አምስተኛው፣ ተመራቂው ሥራ አጥ ነው የሚለው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ብዙ እውነት አላቸው። ወረቀት ለመያዝ ብቻ የሚማር አለ። ለደረጃ እድገት ብቻ የሚመዘገብ አለ። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ዲፌንስ ተደርጎ፣ ታስሮ፣ ሼልፍ ላይ ይቀመጣል። ጥናቱ የተሠራበት ቀበሌ ውጤቱን አይሰማም። ሰዎች መጠይቅ ሞልተው፣ ቡና አፍልተው፣ ጊዜያቸውን ሰጥተው "ምን ተገኘ?" ብለው ሲጠይቁ መልስ የለም። ይህ ያሳፍራል።

መፍትሔው ግን ትምህርቱን መተው ሳይሆን ማስተካከል ነው። ማንኛውም ተማሪ ከመመረቁ በፊት ጥናቱን በሁለት ገጽ አማርኛ አሳጥሮ ለሚመለከተው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ለፓርኩ ወይም ለደብሩ አስተዳዳሪ ቢያስረክብ ምን ይጎዳል? አንዱን ሴሚስተር ክፍል ከመቀመጥ ፓርክ ውስጥ፣ ማዘጋጃ ቤት ወይም የአስጎብኚዎች ማኅበር ውስጥ ቢሠራስ? መሥሪያ ቤቶቹም የቅርስ ጥበቃና የቱሪዝም ቦታዎቻቸውን በሙያው ለተማረ ሰው ቢሰጡ፤ ከሌላ ክፍል የተዛወረ ሰው የሚመደብበት ጊዜ ማብቃት አለበት።

ለመመዝገብ እያሰባችሁ ላላችሁ ደግሞ እንዲህ እላለሁ። የመግቢያ ፈተናውን አልፋችሁ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ወደ ትምህርት ክፍሉ ሂዱና ጠይቁ። የመስክ ሥራ አለ ወይ? ስታቲስቲክስ በወጉ ይሰጣል ወይ? የአገሪቱን የ2001 የቱሪዝም ልማት ፖሊሲ አንቀጽ በአንቀጽ እያነሳ የሚያከራክር መምህር አለ ወይ? አማካሪ ሆኖ የሚመደብላችሁ ሰው ስሜንን ወይም ፋሲልን ያውቃል ወይ? ያለፉትን ተመራቂዎች ጥናት ላንብብ ብትሉ ያሳያሉ ወይ? መልሱ "የለም" ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ፤ ሌላ ፕሮግራም ፈልጉ። መልሱ "አለ" ከሆነ ግን ተመዝገቡ፤ የመጀመሪያ ጥናታችሁንም በመጪው ጥምቀት በፋሲለደስ መዋኛ በሮች የሚገባና የሚወጣውን ሕዝብ በየሰዓቱ በመቁጠር ጀምሩት። ቆጠራውን እስከ የካቲት ለከተማው አስተዳደር አድርሱ፤ የሚቀጥለው ዓመት ዝግጅት ሲጀመር እጃቸው ላይ ይኑር።